መሳቢያው ውስጥ የነበረው ካርድ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ደወለችልኝ። ኮምፒዩተሯ ላይ ሁለት ሲስተም፣ ዊንዶውስም ሊኑክስም ጭናለች፤ የኔትወርክ ካርዱ በአንዱ ይሠራል፣ በሌላው ግን ጭራሽ የለም ይላል። «እማዬ፣ በሁለቱም የሚሠራ የትኛውን ልግዛ?» አለችኝ። የዕድሜ ልክ ሥራዬ ስለሆነ ከእንቅልፌ ቀስቅሳ ብትጠይቀኝም እመልስላት ነበር። የዚያን ቀን ግን መልሼ እደውልልሻለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና እዚያው ወንበሬ ላይ ቀረሁ።

ነገሩ የሆነው ከኮሌጅ በወጣሁ በዓመቱ ነው። አባቴ ሐረር ተመድቦ መጥቶ በዚያው የቀረ ወታደር ነበር፤ እኔም እዚያው ተወልጄ አደግሁ። ኮምፒዩተር ተምሬ ስመለስ በከተማው ከእኔ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር። ቁጣዬም አፍንጫዬ ላይ ነበረች፤ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ የጠየቀኝ ሰው ሦስተኛ አይደግመውም። ሸዋ በር አካባቢ የነበረች፣ ዛሬ ፈርሳ ፎቅ የቆመባት አንዲት ትንሽ የግል ክሊኒክ ኮምፒዩተሮቿን እርስ በርስ እንዳገናኝላት ቀጠረችኝ።

ኮምፒዩተሮቹ አራት ነበሩ፤ ሁለቱ ግን ከቀሩት ጋር አይስማሙም። የላቦራቶሪው ያረጀ ዊንዶውስ ነው፤ የምርመራ መሣሪያው ከሌላ ጋር አይሠራም ስለተባለ አይነካም። የሐኪሙና የፋርማሲው አዲስ ዊንዶውስ አላቸው። የካርድ ክፍሉ ደግሞ ከውጭ በእርዳታ የመጣ፣ ሊኑክስ የተጫነበት ነው። ለአራቱም የሚሆን የኔትወርክ ካርድ መምረጥ የእኔ ፈንታ ሆነ።

ከጊደር መጋላ ገበያ በሚነሣ አንድ ጠባብ መንገድ ላይ ሐጂ ዩሱፍ የሚባሉ አዛውንት የሬዲዮና የኮምፒዩተር መለዋወጫ ይሸጡ ነበር። እሳቸው ዘንድ የሄድኩት ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። ሰማዩ ጠቁሮ ዋለ፣ አሁን ዘነበ ሲባል ግን አልዘነበም። ከበርበሬ ሻጮቹ በኩል የሚነፍሰው አየር ያስነጥሳል፤ ሥጋ የሚሸጥበት አካባቢ ጭልፊቶች ዝቅ ብለው ይዞራሉ። ሐጂ ከመደርደሪያቸው ሁለት ነገር አወረዱልኝ። አንዱ በሚያብረቀርቅ ካርቶን የታሸገ አዲስ ካርድ ነው፤ ጀርባው ላይ በሁሉም ሲስተም ይሠራል የሚል ተጽፎበታል። ሌላው ከአሮጌ ኮምፒዩተር የተነቀለ፣ ካርቶን እንኳ የሌለው።

«ካርቶኑን አትይ ልጄ» አሉኝ። «ካርቶኑ አንድ ሆኖ ሆዱ ይለያያል። ፋብሪካው ቺፑን ይቀይርና ስሙን አይቀይርም። ይቺን አሮጌዋን ግን ሁሉም ያውቃታል። ወላሂ፣ እስከ ዛሬ አንድ ሰው አልመለሰብኝም። አንድ ሳምንት ታገሺኝና ሦስት እህቶቿን ፈልጌ ላምጣልሽ።»

ሬዲዮ ጠጋኝ ሊያስተምረኝ ነው ብዬ በልቤ ሳቅሁ። ከአዲሶቹ አራት ወሰድኩ። ስወጣ አሮጌዋን በጋዜጣ ጠቅልለው ቦርሳዬ ውስጥ ጨመሩልኝ፤ ብትፈልጊያት ትገኛለች፣ ባትፈልጊያት ደግሞ አልሐምዱሊላህ አሉ። ሲናገሩ ሳል ያቋርጣቸው ነበር። የሚታከሙትም እኔ በተቀጠርኩበት ክሊኒክ መሆኑን የዚያን ዕለት ነገሩኝ።

ሦስቱ ካርዶች ሠሩ። አራተኛዋን ካርድ ክፍል ስሰካት ሊኑክሱ አላውቃትም አለ። ነቅዬ አየኋት። ካርቶኗ ከሌሎቹ ጋር አንድ ነው፣ ቺፗ ግን የሌላ ፋብሪካ ነው፤ ልክ ሐጂ እንዳሉት። የሳቸውን ካርድ ከጋዜጣው ፈትቼ ብሰካ አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። እልህ ያዘኝ። ከኢንተርኔት ካርዷን ለሊኑክሱ የሚያስተዋውቅ ያልተሟላ ድራይቨር አውርጄ፣ ሁለት ቀን ታግዬ የራሴን አስነሣኋት። የሐጂን ከነጋዜጣው የካርድ ክፍሉ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት።

ካርድ ክፍሉን የያዘችው አስናቀች ትባላለች፤ ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጆች በዚያች ደመወዝ የምታሳድግ ሴት። በብዙ ዓመት ትበልጠኛለች፤ እኔ ግን ማዕረግ ሳልጨምር አስናቀች እላት ነበር። በየሐኪም ቤቱ ካርድ ማለት የበሽተኛው መዝገብ ነው፤ ለአስናቀችም ከዚያ ሌላ ካርድ የለም። እኔ የሰካሁትን ዕቃ «ብረቷ» ነበር የምትለው። የብረቷ አረንጓዴ መብራት ስትጠፋ የበሽተኞቹ ታሪክ ከስክሪኑ ይጠፋል። ያን ጊዜ አስናቀች «ዛሬም ተኛች» ትለኛለች። መጀመሪያ በሳምንት አንዴ ነበር፤ በኋላ በየሁለት ቀኑ፣ ከዚያ በየቀኑ ሆነ። በጠራችኝ ቁጥር ተቆጥቼ፣ እሷ እያየች ነቅዬ ሰክቼ፣ አስነሥቼ እሄዳለሁ። አንድ ነገር እንደሚመጣ ልቤ ያውቀው ነበር። በዚያ በር ሳልፍ መብራቷን ላለማየት ፊቴን ማዞር ጀምሬ ነበር።

ሐምሌ ላይ ለሌላ ሥራ ወደ ድሬዳዋ ስወርድ ሚኒባሱ ደንገጎ ተራራ ላይ ጭጋግ ውስጥ ገባ። ሾፌሩ መብራት አብርቶ በየመታጠፊያው ጥሩንባ ይነፋል፤ ጎኔ የተቀመጠች ሴት በቅርጫት የያዘችው የዘይቱን ፍሬ ጠረን መኪናውን ሞልቶታል። ስልኬ ጮኸ። አስናቀች ናት፤ ድምፅዋ ይቆራረጣል። «ካርድ አይታይም» የሚለው ብቻ ደረሰኝ። ኮምፒዩተሩ ብረቷን አላይም ሲል የሚያወጣው ጽሑፍም ይኸው ነው። አንብባልኝ መሰለኝ።

«መሳቢያሽ ውስጥ ካርድ አለ። አሮጌውን አንሺና በዚያ ቀይሪው» አልኳት። «ለዚህ ለዚህ አትደውይልኝ።»

አንድ ነገር ልትል ጀምራ ተወችው። ከዚያ እሺ ብላ ዘጋች።

አስናቀች ልትለኝ የፈለገችው የሐጂ ዩሱፍ ካርድ ስክሪኑ ላይ አይታይም ነበር። ሐጂ በትኩሳት ነደው፣ ራሳቸውን ስተው፣ ጎረቤቶች ተሸክመው አምጥተዋቸዋል። የወረቀት ካርዳቸው እጇ ላይ ነበር። መሳቢያዋ ውስጥ ደግሞ ሁልጊዜ ያልተጻፈባቸው ካርዶች አሉ። እንዳልኳት አሮጌውን አነሣች፤ ባዶ ካርድ አውጥታ ስማቸውን ጻፈችበትና ወደ ሐኪሙ ላከችው። በአሮጌው ላይ ፔኒሲሊን እንደማይስማማቸው በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎ ነበር። ሐኪሙ አዲሱን ካርድ ቢያይ ባዶ ነው፤ ስክሪኑን ቢያይ ባዶ ነው። ፔኒሲሊን አዘዘ። ሐጂ ከሰዓት በኋላ የሚሰገደው የዐስር ሶላት ሳይደርስ ዐረፉ።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ሁለታችንን ጠራን። እኔ ነገሩን ስሰማ ወዲያው ገብቶኝ ነበር። አስናቀች፣ «ቀይሪው ያለችኝ ሰናይት ናት» ብላ እኔን ጠቆመች። እሱም ወደ እኔ ዞረ።

«ስለ በሽተኛ ካርድ አንድም ቃል አልተናገርኳትም» አልኩ።

እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። ስለየትኛው ካርድ እንደተናገርኩ ግን አልጨመርኩም። ብጨምር መሳቢያው ይከፈታል፤ ያቺን የምትተኛ ብረት የመረጠው ማን እንደሆነም ይጠየቃል። አስናቀች ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ «ስልኩ ይቆራረጥ ስለነበር በደንብ ያልሰማሁት እኔ ልሆን እችላለሁ» አለች። የዚያኑ ቀን ከሥራ ተሰናበተች። ማንም ከሌለበት ካርድ ክፍል ገብቼ የሐጂን ካርድ ከጋዜጣው ፈትቼ ሰካኋት። ሊኑክሱ ወዲያው አወቃት። ክሊኒኩ እስከተዘጋ ድረስ መብራቷ አንድ ቀን አልጠፋችም።

ለልጄ መልሼ ደውዬ ቺፑን አይተሽ ግዢ አልኳት። ከዚያ ያለፈውን አልነገርኳትም። የማሳፍር ሰው መሆኔን ከእኔ አፍ ለመስማት ገና ልጅ ናት ብዬ ራሴን አታለልኩ።

አስናቀች ሸዋ በር ላይ ለውዝ ትሸጣለች። ባለፈው ዓመት ልገዛ ጎንበስ ስል አወቀችኝ፤ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጄ ጠየቀችኝ፣ ለውዙንም አትረፍርፋ ሰፈረችልኝ። ከዚያ እኔ ምንም ሳልላት፣ «ያኔ የትኛውን ካርድ ብዬ ልጠይቅሽ ነበር» አለች። «ትቆጫለሽ ብዬ ፈራሁ። ጠይቄሽ ቢሆን ሐጂን አልገድላቸውም ነበር።»

የገደለቻቸው እሷ እየመሰላት ይህን ሁሉ ዓመት ኖራለች። በጋዜጣው ውስጥ ሌላ ካርድ እንደነበረ አታውቅም። ከቤቴ እሷ እስከምትቀመጥበት በእግር ዐሥር ደቂቃ አይሞላም። ከዚያን ቀን ወዲህ ዞሬ በሌላ መንገድ ነው የምሄደው።