የመጀመሪያውን በር የሚያንኳኳው

የመጀመሪያው የሥራ ቀኔ የጀመረው አልጋ ሥር ነው። ዳቦ ቤት መቀጠሬን እንጂ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሰው መጥቶ እንደሚወስደኝ የነገረኝ አልነበረም። በሩ ሲደበደብ ሌባ ነው ብዬ አልጋ ሥር ገባሁ። አልጋዬ አጭር ስለነበር ግማሹ አካሌ ውጭ ቀረ። ሌባው ከገባ እግሬን ይዞ ይሄዳል ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

«አንተ አዲሱ ጋጋሪ፣ ተነስ አቦ። ሊጥ ሰው ይጠብቃል እንዴ?» አለ የሴት ድምፅ።

መይሙና ነበረች፣ የዳቦ ቤቱ ሊጥ ቆራጭ። ሱሪዬን እየታጠቅኩ ስወጣ ጉልበቴና ግንባሬ ላይ ያለውን አቧራ በስልኳ መብራት አየችና፣ «ስትሰግድ ነው ያገኘሁህ?» አለችኝ። በላቸው የምባል የክርስቲያን ልጅ ነኝ። ከአልጋ ሥር ነው የወጣሁት ከማለት ይሻላል ብዬ «አዎ» አልኳት። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ስሜን ጠርታው አታውቅም። «ሼኩ» ሆኜ ቀረሁ።

አሠራራችን እንዲህ ነበር። ዳቦ ቤቱ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ፈረስ መጋላ አጠገብ ነው። የመይሙና ቤት ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ ከኤረር በር ወዲያ ነው፤ ከሁላችንም ሩቅ እሷ ናት። እሷ ትመጣና ከበሩ ገባ ብሎ ያለውን የኔን ቤት ታንኳኳለች። ሁለት ሆነን ሄደን አሥር አለቃ ጌታቸውን እንቀሰቅሳለን። አሥር አለቃ ከጦር ሠራዊት ጡረታ ወጥቶ ሐረር የቀረ ሰው ነው፤ አቡኪያችን እሱ ነው። ሦስት ሆነን ሐጂ ዩስሪ በር ላይ እንደርሳለን። ሐጂ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ናቸው፤ የሚኖሩትም ከላይ ፎቁ ላይ ነው። መስኮት ከፍተው ቁልቁል ያዩናል።

«አብራችሁ መጣችሁ?»

«አብረን መጣን ሐጂ።»

«አልሐምዱሊላህ» ይሉና ቁልፉን ይወረውሩልናል።

አብሮ መሄድ የሳቸው ትእዛዝ ነው። በሌሊት ለብቻው የመጣ ሠራተኛ እኔ ዘንድ ሥራ የለውም ይሉ ነበር። ለሌሎች ዳቦ ቤት ባለቤቶችም ይኩራሩበታል፤ የኔ ሠራተኞች አንድም ቀን ብቻቸውን አይሄዱም ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኛም እናምን ነበር።

ሥራው ላይ እያንዳንዳችን ቦታ አለን። አሥር አለቃ ዱቄቱን፣ ውሃውን፣ ጨውና እርሾውን ማሽኑ ውስጥ ከቶ ያቦካል። ሊጡ ሲነሳ መይሙና በላሜራ እየቆረጠች ታድበለብላለች። ሐጂ ሚዛን ገዝተውላት ነበር፤ እጇ ሚዛን ስለሆነ እኛ የስኳር ጣሳ አስቀመጥንበት። እኔ ትሪዎቹን በረጅሙ የእንጨት አካፋ እያስገባሁ አወጣለሁ። የምድጃችንን ሙቀት ለማያውቅ ሰው ሳወራ፣ ሲኦል እሳት ሲጠፋበት ከኛ ፍም ሊለምን ይመጣል እላለሁ። ጎህ ሲቀድ ዳቦው በባጃጅ ተጭኖ ሸዋ በር ይደርሳል፤ ሚኒባስ ተሳፋሪ በሻይ ይበላዋል።

በመንገድ ላይ ወሬው የኔ ሥራ ነበር። ጀጎል ውስጥ ጅብ እንደማንኛውም ነዋሪ በመንገዱ ይጠቀማል፤ ለኛ ብርቅ አይደለም። እኔ ግን በአንዲት ጠባብ መተላለፊያ ከአንድ ጅብ ጋር ፊት ለፊት ተገናኝተን፣ ማን ወደ ኋላ ይመለስ በሚለው ላይ ግማሽ ሰዓት እንደተከራከርንና በመጨረሻ እሱ ይቅርታ ጠይቆ እንደተመለሰ አወራ ነበር። በየጊዜው ጅቡ ያድጋል። መጨረሻ ላይ በሬ አክሎ ነበር።

አሥር አለቃ በወሬዬ መሃል ትምህርት ይሰጣል። «ጥግ ስትዞር ሰፋ አድርገህ ዙር፣ ግድግዳ አትታከክ። ስልክህን ፊትህ ላይ አብርተህ አትሂድ። አንተ ምንም አታይም፣ አንተን ግን ከድሬዳዋ ያዩሃል።»

«መይሙናን ንገራት እንጂ» እለዋለሁ። «ጅቦቹን እየቀሰቀሰች የምትመጣው እሷ ናት።»

«ወራባስ መንገድ ይለቃል» አለች አንድ ሌሊት።

ሳቅን። ወራባ በሐረር ጅብ ነው። መንገድ የማይለቀው ታዲያ ማን ነው ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። እሷም አልደገመችውም። ሦስት ሰው አብሮ ይሄዳል፣ ይስቃል፣ ይደርሳል፤ በቃ።

ያን ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር። ልማድ ሆኖብኝ ከመንኳኳቱ በፊት ነቃሁ። ጫማዬን አድርጌ በሩ ጀርባ ቆምኩ፤ ገና ሳታንኳኳ በሩን ከፍቼ ላስደነግጣት ነው ሐሳቤ። ቆየሁ። አልመጣችም። በኛ ልማድ መይሙና ካላንኳኳች ታማለች ማለት ነው፤ ቀጥለህ አሥር አለቃን ቀስቅሰህ ወደ ሥራህ ትሄዳለህ። ሁለት ሦስት ጊዜ ደርሶብናል፣ እውነትም ታማ ነበር።

ወጣሁ። በዚያ ሰዓት ከቤቴ ስወጣ ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው የምታጠፈው፣ ወደ ዳቦ ቤቱ። በሌሊት ወደ ቀኝ ዞሬ አላውቅም። ትንሽ ወደ ግራ ሄድኩና ቆምኩ። ለምን እንደቆምኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ወደ ቀኝ ዞርኩ።

ከበሩ ውጭ፣ ቀን ሴቶች አትክልት የሚሸጡበት መደብ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ቀኝ እጇን ጭኗ ላይ የሰው ዕቃ እንደያዘ ሰው አስቀምጣዋለች። ራሷ ተገልጧል።

«ሼኩ፣ ሻሼን ፈልግልኝ» አለች መጀመሪያ።

በስልኬ መብራት ፈልጌ ቦዩ ዳር አገኘሁት፤ ግማሹ ረጥቧል። በአንድ እጇ ማሰር አቃታት። እኔ አሰርኩላት። እንዴት እንደሚታሰር አላውቅም፤ እንደ ዱቄት ከረጢት አፍ ነው የቋጠርኩት። ሌላ ቀን ቢሆን ትሳደብ ነበር።

«ስንት ናቸው?»

«ሁለት። አንዱ ልጅ ነው። ‹እናቴ፣ ሰዓት ስንት ነው?› አለኝ። ስልኬን አውጥቼ ላየው ስል ትልቁ በፌሮ መታኝ።»

«አልጮህሽም?»

«ጮኼ ነበር። እዚያ መስኮት ላይ ሻማ በራ።» በአገጯ አሳየችኝ። «ከዚያ ጠፋ።»

ደግፌ አነሳኋት። በር በሩን እያየች፣ «አሥር አለቃን ቀስቅሰው፣ ሊጡ ይዘገያል» አለች። አሥር አለቃን ቀሰቀስነው፣ ሊጡን ግን ማንም አላቦካም። በዚያ ሰዓት ባጃጅ አልነበረምና ሆስፒታል በእግር አደረስናት፣ እሷን መሃል አድርገን። ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም በመንገድ ላይ ከኔ ቀልድ አልጠበቀም። አንጓዋ ላይ አጥንቱ ተሰብሮ ነበር፤ ጄሶ አደረጉላት።

ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ቃሏን የተቀበላት ወጣት ፖሊስ ጨዋ ልጅ ነው።

«እናቴ፣ በዚያ ሰዓት ለምን ብቻዎን ወጡ?»

«ብቻዬን አይደለም። አብረን ነው የምንሄደው።»

«ከማን ጋር?»

ወደ እኔና ወደ አሥር አለቃ በአገጯ አሳየችው። ልጁ ቀና ብሎ አየን።

«ታዲያ ሲመቱዎት የት ነበሩ?»

አሥር አለቃ ቆቡን አወለቀና ውስጡን ማየት ጀመረ።

«ገና አልደረስኩባቸውም ነበር» አለች መይሙና።

ሰዎቹ አልተያዙም። ሌሊት የደበደቧት ሰዎች ጠዋት ሸዋ በር ላይ የእጇን ዳቦ በሻይ ሲበሉ ኖረው ይሆናል። ይሄን የምለው ለማጋነን ብዬ አይደለም።

ሐጂ ወተትና ስኳር ይዘው ሊጠይቋት ሄዱ፤ እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። የሕክምናዋን ነገር እኔ አለሁ አሉ፣ አደረጉትም። ክፉ ሰው አይደሉም። ከዚያ፣ «ልጄ፣ ከጀጎል ውስጥ የምትኖር ቆራጭ አግኝቻለሁ» አሉ። «ለአንቺ ብዬ ነው። ሌላ ነገር ቢደርስብሽ አላህ ፊት ምን እላለሁ?»

«እጄ እስኪድን ትቁረጥልዎ» አለች። «ከዳነ በኋላ ግን ለእኔ ብለው እኔን አያስወጡኝ ሐጂ። በእርስዎ ሐሳብ ልጆቼ አይጠግቡም።»

«መንገዱስ?»

«መንገዱን እኔ አልሠራሁትም።»

ሐጂ ተነሱ። እሺም እምቢም አላሉም። ውጭ ስንወጣ፣ «እውነቷን ነው፣ ግን ሬሳዋን ነው የምታሸክመኝ» አሉኝ።

ጄሶው እስኪፈታ ድረስ፣ ሐጂ ባገኟት ቆራጭ እየሠራን አንድ ነገር ሞከርን። ሐሳቡ የአሥር አለቃ ነው። ሊጡን ማታ በቀዝቃዛ ውሃ፣ እርሾውን ቀንሶ ቢያቦካው ቀስ ብሎ ያድራል፤ መይሙና ስትመለስ ጎህ ሲቀድ፣ የሱብሂ አዛን ሲል፣ ሰጋጁ መንገዱን ሲሞላው መምጣት ትችላለች። የመጀመሪያው ሌሊት ሊጡ ከምድጃው ሙቀት የተነሳ ገንፍሎ ወለሉን ያዘ። በር ከፍቶ ሊወጣ ሲል ነው የደረስንበት ብዬ ለሐጂ ነገርኳቸው። በሦስተኛው ተስተካከለ። ዳቦው ጥሩ ነበር፣ እንዲያውም ከድሮው ይጣፍጣል። ግን ሸዋ በር የሚደርሰው የመጀመሪያዎቹ ሚኒባሶች ከወጡ በኋላ ሆነ። ሻይ ቤቶቹ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ዳቦ ቤት ዞሩ። ሐጂ ታገሱ፣ ታገሱና ወደ ድሮው ሰዓት መለሱን። አልፈረድኩባቸውም። ደንበኛ ሲሄድ መጀመሪያ የምንባረረው እኛ ነን።

የመይሙና ጄሶ ተፈታ፤ ሐጂም ትመለስ አሉ። ልትመለስ ባለችበት ዋዜማ እኔንና አሥር አለቃን ጠሩን።

«እኔ ሄጄ ቤቷ ድረስ አመጣታለሁ» አልኩ።

«አንተስ ብቻህን ልትሄድ ነው?»

«እኔ ጅብ የመለስኩ ሰው ነኝ ሐጂ።»

አልሳቁም። «አብራችሁ ሂዱ ነው ያልኩት» አሉ።

«አብረን ነው የምንሄደው። ሁልጊዜም አንድ ሰው ነበር ብቻውን የሚጀምረው። አሁን እኔ ልጀምር ነው።»

ሐጂ ዓመታት ሙሉ ከመስኮት ቁልቁል ሲያዩን ሦስት ሰው ነው የሚያዩት። እኔም በሬን ስከፍት እሷን ነው የማየው፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ነን። ብቻዋን ስትጀምር ግን ከኛ ያያት የለም።

በማግስቱ ሌሊት ወደ ቀኝ ዞርኩ። ከበሩ እስከ ቤቷ ያለው መንገድ ቀን ላይ አንድ ሲጋራ አጭሰህ ሳትጨርስ ታልፈዋለህ። በሌሊት ስለ ርዝመቱ ምን ብል ሰው አጋነነ ይለኛል። ባዶዎቹ መደቦች ሥር የተኛ ሰው ይሁን የተቀመጠ ሰው አይለይም። አንዱ ጋ የሲጋራ ጫፍ ቀላ። ሳልኩ። ሰፋ አድርጌ ዞርኩ። ስልኬን ኪሴ ውስጥ አድርጌ ይዣለሁ፤ ሰዓት ቢጠይቁኝ የምመልሰውን እየደጋገምኩ ነው የሄድኩት። አንድ ጅብ ከቦዩ ወጥቶ አለፈኝ። እውነት እላችኋለሁ፣ የማውቀው ሰው ያየሁ መሰለኝ።

በሯን አንኳኳሁ።

«ማነው?» ድምፅዋ ቀጭን ነበር።

«እኔ ነኝ። ሼኩ።»

ወዲያው ወጣች። ጫማዋን አድርጋ፣ ሻሿን አስራ፣ በሩ ጀርባ ቆማ ነበር የቆየችው።

«እዚህ ሥራ ከገባሁ ሰው ሲያንኳኳልኝ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው» አለች።

ትንሽ እንደሄድን፣ «ቀልድ አምጣ እንጂ» አለችኝ።

«ቆይ፣ እግሬ ይርጋልኝ» አልኳት። ቀልድ አልነበረም።

ቀኝ እጇ ደህና አድርጎ አይጨብጥም። በግራዋ ትቆርጣለች፤ አንዱ ሲተልቅ አንዱ ያንሳል። የስኳር ጣሳውን ከሚዛኑ ላይ አነሳነው። አንድ ሳምንት እኔ፣ አንድ ሳምንት አሥር አለቃ እንጀምራለን። የጅቡን ወሬ ድሮ እንደማወራው አላወራውም።

እናንተ ወደ ሌሊት ሥራ የምትገቡ ልጆች፣ አሥር አለቃ ያለውን ያዙ። ጥግ ሰፋ አድርጋችሁ ዙሩ፣ ስልክ አብርታችሁ አትሂዱ፣ ሰዓት ለጠየቃችሁ ሰው ሳትቆሙ አላውቅም በሉ። ይጠቅማል። መይሙና ግን ይሄን ሁሉ ከኛ በፊት ታውቀው ነበር። አሠሪያችሁ ሠራተኞቼ አብረው ነው የሚሄዱት ካላችሁ፣ የመጀመሪያውን በር የሚያንኳኳው ማን እንደሆነ ጠይቁ።