ከሁለት እስከ አስራ አንድ

አዲሱን ላፕቶፕ ከቢሮ ሲሰጡኝ "ሲስተሙ አዲስ ነው፤ ራሱ ያስተምርሻል" ብለውኝ ነበር። አስተማረኝ እንጂ! ድሮ በግራ በኩል ታች ጥግ ላይ የነበረው መክፈቻ መሃል ላይ መጥቶ ተገትሯል። "ኮፒ" የሚለውን ቃል አጥፍተው በቦታው የተደራረቡ ወረቀቶች የሚመስል ነገር ሥለውበታል። የጻፍኩትን ሴቭ ሳደርግ እኔ ያልኩት ቦታ አያስቀምጥም፤ የት እንደሆነ የማላውቀው ሰማይ ላይ ይሰቅልና ኢንተርኔት ሲጠፋ ፋይሌም አብሮ ይጠፋል። ደህና ሲሠራ የኖረን ነገር ለምን እንደሚነካኩት የሚያስረዳኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ከእሱ ጋር የምታገልበት ጊዜም አልነበረኝም። እናቴን ስትሮክ ከመታት ወዲህ ቀኝ ጎኗ አይታዘዝላትም፤ ንግግሯም አንድ አንድ ቃል እየሆነ ነው የሚወጣው። ከእኔ በቀር ሰው የላትም። የምሠራው ሜክሲኮ አካባቢ ያለ የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ነው። ለምኜ ለምኜ ገላን ኮንዶሚኒየም ካለው ቤታችን ሆኜ የደንበኞችን ትዕዛዝ እንድመዘግብ ፈቀዱልኝ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ከሚደረገው የቪዲዮ ስብሰባ እንዳልቀር። ከቀረሁ ወደ ቢሮ እመለሳለሁ፣ እሷም ቀኑን ሙሉ ያለ እኔ ትውላለች።

ላፕቶፑን መጀመሪያ የከፈትኩ ቀን ቋንቋ ምረጡ አለኝ። የድሮው እንግሊዝኛ ብቻ ስለነበር አማርኛ የሚለውን ሳይ ደስ አለኝና እሱን ነካሁ። አማርኛው ግን የማን አገር አማርኛ እንደሆነ እንጃ። "ንቁ ሰዓቶችዎን ያዋቅሩ" ይላል። እኔ መቼ ነው ንቁ የምሆነው? ከሥሩ ሲያብራራ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ሥራ ላይ የምሆንበትን ሰዓት ከነገርኩት በዚያ ሰዓት መሃል እየገባ ራሱን ላድስ ብሎ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አያስነሳም። ጨዋነቱ ገረመኝ። ከሁለት እስከ አስራ አንድ ብዬ ሞላሁለትና ወደ ሥራዬ ገባሁ።

መከራዬ የጀመረው በዚያው ሳምንት ነው። ለእናቴ ምሳዋን ላበላ እነሳለሁ። በማንኪያ ነው፣ ቀስ ተብሎ ነው፣ አይቸኮልም። ስመለስ ስክሪኑ ላይ ያቺ የነጥብ ክብ ትዞራለች። "በዝማኔዎች ላይ በመስራት ላይ። ኮምፒውተርዎን አያጥፉ።" እኔ ባላጠፋው መብራት ሲሄድስ? አንድ ቀን እውነትም ሄደና እንደገና ከዜሮ ጀመረ። በስልኬ እንዳልገባ የስብሰባው ፕሮግራም የሚከፈተው በቢሮው ላፕቶፕ ብቻ ነው። ስምንት ሰዓት ይሞላል፣ ክቧ ትዞራለች። ስምንት ተኩል ይሆናል፣ ሠላሳ ፐርሰንት። ሲጨርስ "እንኳን ደህና መጡ" ይለኛል። የት ሄጄ ነው የመጣሁት? እዚሁ አፍጥጬበት አይደል የተቀመጥኩት!

ይቺ ነገር ተደጋገመች። አለቃዬ መጀመሪያ "አይዞሽ፣ ያጋጥማል" አለችኝ። በመጨረሻ አንድ ሐሙስ ደወለችና "ሰበብ አበዛሽ እኮ፤ ሁልጊዜ ስብሰባ ሲደርስ ነው ኮምፒውተርሽ የሚታመመው? ከሰኞ ጀምሮ ቢሮ ግቢ" አለችኝ። መሳደብ አማረኝ፤ ማንን እንደምሰድብ ስላላወቅኩ ላፕቶፑን ሰደብኩት።

ወዲያው የቢሮው የኮምፒውተር ባለሙያ ጋ ደወልኩ። በቁጣ ነው የደወልኩት።

"የሥራ ሰዓትሽን ሞልተሽለት ነበር?" አለኝ።

"አሳምሬ ነዋ!"

"ስንት ብለሽ?"

"ከሁለት እስከ አስራ አንድ። ሌላ የሥራ ሰዓት አለ እንዴ?"

ሳቁን ለቀቀው። "እህቴ፣ እሱ እኮ በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ሥራ ትጀምሪና ጠዋት አምስት ሰዓት ላይ ትጨርሻለሽ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ተኝታለች ብሎ ነው የሚያድሰው።"

እንግዲህ ፍረዱኝ። በእንግሊዝኛ ቢጠይቀኝ ኖሮ እንደለመድኩት ስድስት ሰዓት አዛብቼ በፈረንጅ እመልስለት ነበር። በአማርኛ፣ ያውም "እርስዎ" ብሎ የጠየቀኝን በአማርኛ መለስኩለት። አማርኛ እናገራለሁ የሚል ነገር ሁለት ሰዓት ጠዋት መሆኑን አያውቅም? ሌሊቱን ሙሉ፣ እኔ እናቴን እያገላበጥኩ ሳድር፣ እሱ ሥራ ላይ ናት ብሎ ሲጠብቀኝ ኖሯል። እውነትም ያኔ ነበር ንቁ የምሆነው።

ሰዓቱን አስተካከልኩና ለአለቃዬ ደወልኩላት። እሷም ሳቀች፤ ከልቧ ነው የሳቀችው። ሳቋ ሲበርድ ግን "ለበላይ አሳውቄ ተወስኗል፤ አሁን ምን ብዬ ላስቀይረው? ሰኞ ነይ" አለች። ላፕቶፑ ምንም አልተባለም። የታክሲ ሰልፍ የምትቆመው እኔ ነኝ።

ሰኞ ማለዳ የፎቃችን ጎረቤት እናቴ ጋ ልትውል መጣች። እናቴን አጣጥቤ፣ ትራሷን ደግፌ፣ ለምን እንደምሄድ እንደገና ነገርኳት። ላፕቶፑ ሌሊት ስምንት ሰዓት ሥራ ትገባለች ብሎ ነው ስላት በአንድ ጎን አፏ ፈገግ አለች።

"እኔስ፣" አለች፣ ቃሉን እየጠበቀችው፣ "ሌሊት አልነበር... ፋብሪካ የምገባው። አንቺን... ለጎረቤት ትቼ።"

ዓይኔ ሞላ። አየችኝ።

"ምን ያስለቅስሻል? አንቺ... ትቼሽ ስሄድ... አላለቀስሽም።"

አለቅስ ነበር። በሩን ዘግታ ደረጃውን እስክትወርድ እጠብቅና ነበር የምጀምረው። ይሄንን አልነገርኳትም። ግንባሯን ስሜ፣ ላፕቶፑን ትከሻዬ ላይ አንግቼ ወጣሁና በሩን ዘጋሁት። ደረጃው ላይ ቆሜ ጆሮዬን ጣልኩ።