ብርድ የመታው ሸክላ ማጫወቻ

አባቴ «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ሲሉ ውሸታቸውን አልነበረም። የደብረ ብርሃንን ብርድ ጠልቼ ሰው በላብ ወደሚታጠብበት ካርቱም ሄድኩ፤ ብርዱ ግን ሪያድ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ ተቀጥሬ በምሠራበት ቪላ ሳሎን ውስጥ ተንደላቅቆ ተቀምጦ ጠበቀኝ። የአሁኑ የሱዳን ጦርነት ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው።

አሰሪዬ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ፤ ሁሉም «ኡስታዝ» ይላቸዋል። ሳሎናቸው ውስጥ አንድ የሸክላ ማጫወቻና ቁመታቸው እኔን የሚያክል ሁለት ድምፅ ማጉያዎች ነበሩ። እነዚህን ሙቀት እንዳይነካቸው ተብሎ ካርቱሞች ሙከይፍ የሚሉት ኤሲ ሌት ተቀን በአስራ ስድስት ዲግሪ ይነፍሳል፤ ያውም በቀጥታ ማጫወቻው ላይ። እኔ በረንዳ ላይ እየተጠበስኩ ልብስ እተኩሳለሁ፤ ማሽኑ በክብር ይቀዘቅዛል። በግንቦት ወር ሹራብ ደርባ ቤት የምትወለውል ሠራተኛ በካርቱም ከኔ በቀር የነበረች አይመስለኝም።

የማጫወቻው ድምፅማ አይነሳ! ባስ የሚባለው ወፍራም ድምፅ ጭራሽ የለም። ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው ይመስላል፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ደግሞ ይሻክራል። ይህ ለኔ አዲስ አልነበረም። የቤታችን ቴፕ በብርድ ጠዋት እየተጎተተ ሲዘፍን፣ አባቴ ከባትሪ ድንጋዮቹ ጋር አብረው ፀሐይ ላይ ያሰጡት ነበር። ሲሞቅ ይስተካከላል። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም።

አንድ ጁምዓ ኡስታዝ ጓደኞቻቸውን ጋበዙ። ሸክላው መዞር ሲጀምር አንዱ እንግዳ ፊታቸውን አጨማደዱና «ይሄ ነገር ታሟል» አሉ። ኡስታዝ ወደ እኔ ዞሩ። ሲጠሩኝ «ያ ቢት» ነው፣ «አንቺ ልጅ» ማለታቸው።

«ያ ቢት፣ በእርጥብ ጨርቅ ነካክተሽዋል?»

«ወላሂ አልነካሁትም፣ ኡስታዝ። ብርዱ ነው። ሙከይፉን ብናጠፋው...»

ኡስታዝ ሳቁብኝ። «ይሄ ማሽን የመጣው ከብርድ ሀገር ነው። ብርድ ምን ያደርገዋል?»

እኔም የመጣሁት ከብርድ ሀገር ነው፣ ጉልበቴን ይጠይቁት ልላቸው አሰብኩና ተውኩት።

«እስከሚመጣው ጁምዓ ካልዳነ ኸላስ፣ በቃ ትሄጃለሽ» አሉ።

ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለት ነው፣ የወጣው በሳቸው ዋስትና ነው። ካባረሩኝ ፖሊስ መንገድ ላይ ሲያስቆመኝ የማሳየው ወረቀት የለኝም። እንግዲህ በአንድ ማሽን ጉንፋን ምክንያት ከሀገር ልባረር ነው። ፈራሁ።

ማክሰኞ ዕለት ጠጋኝ ተጠራ። ማጉያዎቹን አንኳኳ፣ ጆሮውን ለጠፈ፣ እንደ ሐኪም ራሱን ነቀነቀ፣ በመጨረሻም «ችግሩ ገመዱ ነው» ብሎ አዲስ ገመድ ገጠመ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ነበር።

ጁምዓው ደረሰ። እንግዶቹ ተቀመጡ፣ አዲሱ ገመድ ተመሰገነ፣ ሸክላው ዞረ። ያው ጉንፋን! ኡስታዝ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

ከዚህ በላይ ምን ይመጣል ብዬ የሻይ ትሪውን አስቀመጥኩና ሙከይፉን አጠፋሁት። የበረንዳውንም በር ወለል አድርጌ ከፈትኩት። የግንቦት ሙቀት ሳይጠራ ገባ።

«ግማሽ ሰዓት ብቻ ይስጡኝ፣ ኡስታዝ። ካልዳነ እኔው ራሴ ሻንጣዬን ይዤ እወጣለሁ» አልኩ።

ፊታቸውን ያጨማደዱት እንግዳ «እስቲ ተዋት፣ እንየው» አሏቸው።

ግማሽ ሰዓት ተቀምጠው ጠበቁ። ላባቸው ተንቆረቆረ፤ ጀላቢያቸው ጀርባቸው ላይ ተጣበቀ። ሸክላው እንደገና ሲዞር ግን ዘፋኙ ጉሮሮውን ጠርጎ መጣ፤ ባሱ ትሪው ላይ ያሉትን ብርጭቆዎች አንጫጫቸው። «ማሻአላህ!» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ። አልዋሽም፣ ደስታዬ ሊያስለቅሰኝ ምንም አልቀረውም።

«ይህቺ ልጅ መሐንዲስ ናት!» አሉ እንግዳው።

ኡስታዝ ግንባራቸውን ጠረጉ። «ጠዋት ሙከይፉን አጥፊው ብያት ነበር፤ ረስታው ነው እንጂ። አይደለም እንዴ፣ ያ ቢት?»

ሁሉም አዩኝ።

«አይዋ፣ ኡስታዝ» ብዬ አመንኩ። «ረስቼው ነው። ማሌሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እንግዶቹ በመርሳቴ ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ፤ ከዚያም አንጀቴ እያረረ ሻዩን ቀዳሁላቸው።