ጀነሬተሯን ያሳመመው ቁጠባዬ

የተመሰገንኩበት ሥራ ነው ጉድ የሠራኝ። ሻለቃው ሰልፍ ላይ ከመስመር አስወጡኝና፣ «ናፍጣ እንዴት እንደሚቆጠብ ከዚህች ልጅ ተማሩ!» አሉ። ተጨበጨበልኝም። ከዚያ ቀን በኋላ አንገቴ ወደ ታች አልታጠፍ አለ።

ጊዜው ክረምት ነበር፤ የሰፈርነው ከሲሬ ከተማ ዳር ነው። እኔ የነቀምቴ ልጅ ነኝ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ተወልጄ ያደግኩ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨረስኩ፣ ውጤት አልመጣልኝም፣ ቤት መቀመጥ ደግሞ አልችልም። እናቴ «ከስሯ እሳት ያነደዱባት ይመስል» ትለኛለች። ወታደር ሆንኩ። የሞተር ድምፅ ስለማያስደነግጠኝ ኤሌክትሪክ ክፍል ጣሉኝ። ሥራችን መብራት በሌለበት መብራት መስጠት ነው። ጀነሬተሯ በተጎታች ላይ ተጭና ጦሩ በሄደበት ትሄዳለች፤ ለሬዲዮው፣ ለጽሕፈት ቤቱ፣ ለወጥ ቤቱ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለሕክምናው ድንኳን ኃይል የምትሰጠው እሷ ናት።

አለቃዬ ፀጉራቸው ገብስማ የሆነ ሃምሳ አለቃ ነበሩ። ጀነሬተሯን «በቅሎዬ» ይሏታል። መለዋወጫ ለማምጣት ወደ ነቀምቴ ሲሄዱ አንድ ነገር ብቻ ነው ያዘዙኝ፦ «በየቀኑ ቢያንስ አንድ ሰዓት ከአቅሟ ግማሽ በላይ ጫኚባት። የሚጫን ነገር ከጠፋ ፈልጊ።» ለሁለት ቀን ብለው ሄደው ሦስት ሳምንት ቆዩ። እኔ ደግሞ በሁለተኛው ቀን አሰብኩና፣ «ሽማግሌው ያለፈበት ነገር ነው የሚያወሩት፤ ባነሰ ጭነት ናፍጣም አይባክን፣ ሞተሩም አይደክም» ብዬ የራሴን ሕግ አወጣሁ።

ድሮ ጀነሬተሯ አጠገብ ካለው ማከፋፈያ ላይ ሃያ ሠላሳ ስልክ ይንጠለጠል ነበር። ሁሉንም ነቀልኩ። ካርቶን ላይ «ስልክ ቻርጅ ማድረግ በጥብቅ የተከለከለ ነው» ብዬ ጻፍኩና ከስሩ «አትለማመጡኝ» ጨመርኩበት። ወጥ ቤቱንም ከኤሌክትሪክ ምድጃ ወደ እንጨት መለስኩት።

ወጥ ሠሪው በጭስ የቀላ ዓይኑን እያሸ መጣ። «አንቺ ልጅ፣ ናፍጣው የአባትሽ ነው?»

«የአባቴ ቢሆንማ እሰጥህ ነበር። የመንግሥት ስለሆነ ነው የምከለክልህ።»

ከበሩ ውጭ፣ አጥሩን ተጠግተው፣ ሻይ የሚሸጡ ሴትዮ ነበሩ። ሁላችንም «አዴ» እንላቸዋለን፤ በኦሮምኛ ታላቅ ሴት የምትከበርበት ነው። የከተማው መብራት ከጠፋ ሰንብቷል። አንድ ቀን ሻዬን እየቀዱልኝ፣ «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ስልኬ ከተዘጋ አራት ቀኑ። ልጆቼ ሞተች ብለው ይጨነቃሉ። ለአንድ አፍታ ብቻ ሰኪልኝ።»

«አዴ፣ ለእርስዎ ከሰካሁ ለሲሬ ሁሉ ልሰካ ነው» አልኳቸው። ሻዩን ግን ጠጣሁት። ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም።

በሦስተኛው ሳምንት ከማርሚታዋ፣ ማለት ከጭስ ማውጫዋ ጫፍ፣ ጥቁር ቅባት መንጠባጠብ ጀመረ። አየሁት። በጨርቅ ጠረግኩትና ሄድኩ። ይኸው ነው ያደረግኩት፤ ሌላ ምንም።

ሃምሳ አለቃ መሽቶ የተመለሱ ዕለት ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ጠዋት ላይ አንድ ወታደር ሆዱን ይዞ ተጣጥፎ በቃሬዛ መጣ። ሐኪማችን ወጣት የቀዶ ጥገና ዶክተር ነው፤ ነካ ነካ አደረገውና «ትርፍ አንጀት ነው፣ ነቀምቴ ይሂድ» አለ። አምቡላንሱ ሄዶ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለሰ፤ ጎርፍ የድልድዩን ጥግ በልቶት መኪና ከወዲህም ከወዲያም ተሰልፏል።

«እዚሁ እከፍተዋለሁ» አለ ዶክተሩ፣ «ዕቃዎቹን ቀቅሉልኝ።»

መሣሪያ በእንፋሎት የሚቀቅለው ማሽን ኃይል ይበላል። ሲበራ ጀነሬተሯ አቃሰተች፣ አምፖሎቹ ፈዘዙ፣ ጥቁር ጭስ ድንኳኑን ሸፈነው፣ ከዚያ ጭጭ። ድጋሚ አስነሳናት። ድጋሚ ጭጭ አለች።

ሃምሳ አለቃ ጣታቸውን ማርሚታው ውስጥ ከተቱና ቅባቱን አውጥተው አዩት። ከዚያ እኔን አዩ። ዶክተሩ ጓንቱን እንዳደረገ ከድንኳኑ ወጣ።

«ምን ሆና ነው?»

«ታማለች» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«ማን አሳመማት?»

«እኔ» አልኩ። «ጫኚባት ተብዬ አልጫንኩም።»

«ያስተማርኳት እኔ ነኝ» አሉ ሃምሳ አለቃ ወዲያው። «ጥያቄ ካለ ለኔ ይሁን። ስንት ሰዓት ትሰጠናለህ?»

ዶክተሩ ሰዓቱን አየ። ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው። «እስከ ስምንት። ከዚያ ካለፈ ሆዱ ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል።»

ሃምሳ አለቃ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ሞተር ሳይጫንበት ሲውል ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም» አሉኝ። «ጥላሸትና ቅባት ሆኖ ሆዷ ውስጥ ይቀራል። መድኃኒቷ ጭነት ነው፤ በትንሽ በትንሹ እየጨመርን፣ ጥላሸቱን እስክትተፋ።»

«ምን እንጫን?»

«የከለከልሻቸውን ጠይቂያ!»

መጀመሪያ ወጥ ቤት ሄድኩ። ወጥ ሠሪው ክንዱን አጣምሮ፣ «ዛሬ አባትሽ ፈቀደ?» አለኝ። ግን እያወራ ምድጃዎቹን ተሸክሞ ተከተለኝ። ውኃ ማፍሊያ፣ ካውያ፣ ሞባይል፣ ከየድንኳኑ ያልወጣ ነገር የለም። ሁሉም ተደምሮ ከአቅሟ ሲሶ አልሞላም።

ወደ በሩ ሮጥኩ።

«አዴ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለዎት?»

«ምድጃስ አለኝ። መብራት ነው የሌለኝ።»

«መብራቱን እኔ ልስጥዎት።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ዛሬ ምን ነካሽ?»

ነገርኳቸው፤ ልጁ፣ ሆዱ፣ ድልድዩ፣ ጀነሬተሯ፣ ጥፋቴ። አልጨረስኩም፤ የሻዩን ማንቆርቆሪያ አስቀመጡና ወደ ሰፈሩ ዞረው በኦሮምኛ ተጣሩ። ድምፃቸው እንዲህ እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። ሴቶቹ ምድጃቸውን በጭንቅላታቸው ተሸክመው፣ ድስታቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ። ከፀጉር ቤቷ አንዲት ልጅ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ በእቅፏ ይዛ፣ «ይህስ ይቆጠራል?» አለች። «ይቆጠራል!» አልኳት።

ሻለቃው ፈቃድ ሲጠየቁ፣ «ናፍጣ ቆጣቢዋ ናት ይህን የምትለው?» አሉ አሉ። ፈቀዱ ግን። ገመዱን በአጥሩ ሥር አሳለፍነው። ሃምሳ አለቃ ምድጃዎቹን ከጀነሬተሯ በሚወጡት ሦስት የኃይል መስመሮች እኩል እኩል አከፋፈሉ፤ በየግማሽ ሰዓቱ «ጨምሪ!» ሲሉኝ ሮጬ ሌላ እሰካለሁ። ጀነሬተሯ ሳለች፣ አጓራች፣ ጥላሸት በቁራጭ በቁራጭ ተፋች። የዶክተሩ የታጠበ ሸሚዝ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበርና ነጠብጣብ ሆነ። ሴቶቹ ሳቁ። ከአጥሩ ማዶ ድንች፣ ጎመን፣ ሽሮ ተጥዶ፣ ግቢው የሠርግ ቤት ሸተተ። የአዴ ስልክም ማከፋፈያው ላይ ተሰክቷል።

ሰባት ሰዓት ሲያልፍ ድምጿ ተለወጠ። በቃል ለማስረዳት ይከብደኛል፤ ጉሮሮውን የጠረገ ሰው ሲያወራ እንደሚሰማው ነው። ጭሱ ሳሳ፣ ሳሳ፣ ከዚያ ጠፋ። ሃምሳ አለቃ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ ዘንበል አድርገው ቆዩና፣ «አሁን ለልጁ ቦታ ልቀቁለት» አሉ።

ምድጃዎቹን መንቀል ነበረብን። ድስቶቹ ገና እየተንተከተኩ ነው።

«ድንቼ ገና ጥሬ ነው እኮ!» አለች አንዷ።

«እንጨት ቤትሽ ሞልቷል፤ ንቀይ» አሏት አዴ፣ የራሳቸውን ጎመን ቀድመው እያወረዱ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ነቀሉ።

መቀቀያው በራ። ጀነሬተሯ አንዴ ጎንበስ አለችና ቀና አለች። ያዘችው። ቀዶ ጥገናው እስኪያልቅ አጠገቧ ቆሜ የሚንቀጠቀጠውን ቆርቆሮዋን በመዳፌ ይዤ ነበር፤ መያዜ ምን እንደሚጠቅማት አላውቅም፣ ግን መልቀቅ አልቻልኩም። ዶክተሩ ላቡን እየጠረገ ወጣና፣ «ደህና ነው። ሊፈነዳ ትንሽ ነበር የቀረው» አለ። የተነጠበጠበውን ሸሚዙን አየ፣ እኔንም አየና ለበሰው።

እኔ ማመስገን አይሆንልኝም፤ አፌ ለክርክር ነው የተፈጠረው። ስለዚህ ልጻፈው። ሃምሳ አለቃ ጥፋቴን በሰው ፊት በራሳቸው ላይ ወስደው ትምህርቱን ለብቻዬ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ወጥ ሠሪው እየሰደበኝም ቢሆን ስለተሸከመልኝ አመሰግናለሁ። ከሁሉ በላይ እነዚያን ሴቶች። ለአንድ አፍታ ስልክ መሰካት የከለከልኳቸው ሰዎች ድስታቸውን ከነጥሬው አወረዱልኝ። እዚያ እስከቆየን ድረስ ዓርብ ዓርብ፣ በሻለቃው ፈቃድ፣ ገመዱን በአጥሩ ሥር አሳልፈን ምድጃ እናስሰካ ነበር። አሁን ሌላ ቦታ ነው ያለሁት፤ ጀነሬተሯን ሳልጭንባት አልውልም።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ካርቶኑን ቀድጄ የአዴን ስልክ ይዤ ወጣሁ። መቶ በመቶ ሞልቷል። ተቀበሉኝና፣ «ገለቶሚ» አሉ፣ ተመስገኚ እንደማለት። እኔን! ከዚያ ጎመኑን በሳህን አቀረቡልኝ። ጎረስኩ።

«አዴ፣ ጥሬ ነው» አልኳቸው።

«የነቀልሽው አንቺ!» አሉኝ።

ሳህኑን ጨርሼ ጨምሩልኝ አልኩ።