በኮት ኪስ ውስጥ የተገኙት ሞክሼዎቼ

እስከ ዛሬ ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ እጄ የጻፈው ነገር ቢኖር የሰው ስም ነው፤ እሱም ወረቀት ላይ ሳይሆን ጣት በምታህል ነጭ ጨርቅ ላይ። ሀና ማርያም አካባቢ በነበረች አንዲት ላውንደሪ ውስጥ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። ልብስ በመጣ ቁጥር የባለቤቱን ስም በማይለቅ እስክሪብቶ ጨርቋ ላይ እጽፍና ከኮሌታው ስር እሰፋታለሁ፤ ልብሱ ሲወሰድ ትፈታለች። ያን ሁሉ ስም የጻፍኩ ሰው፣ እዚህ ግን የማንንም ስም አልጽፍም። ሰዎቹን አላስፈቀድኳቸውም። የራሴንም አልጽፍም፤ እሱን ጮክ ብዬ የተናገርኩት በሕይወቴ ጥቂት ጊዜ ነው።

ላውንደሪዋ ጠባብ ነበረች። ከፊት ባንኮኒ፣ ከኋላ ሁለት ማጠቢያ ማሽን፣ መሀል ላይ የኔ የመተኮሻ ጠረጴዛ። በባንኮኒውና በጠረጴዛዬ መካከል መጋረጃ ነበር። ባለቤቷ፣ እኔ እትዬ የምላት ሴት፣ ከፊት ሆና ደንበኛ ታስተናግዳለች። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ እተኩሳለሁ። ሰው እንዳያየኝ ስለምፈልግ ያ መጋረጃ እንደ ቤቴ ነበር። ዛሬም የተተኮሰ ጥጥ ሲሸተኝ ቶሎ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው።

ስም የሚመሳሰል ደንበኛ ብዙ ነበረን። ጨርቋ ከአንድ ስም በላይ ስለማትይዝ የአባት ስም አንጽፍም። ሞክሼዎችን የምንለየው በክር ነበር። ለአንዱ ቀይ፣ ለሌላው ሰማያዊ፣ ለሦስተኛው አረንጓዴ ክር ከስሙ ጎን ጠቅ አደርጋለሁ። ደንበኞቹ ይህን ሲያውቁ ደስ ይላቸዋል። ባንኮኒው ጋ ሁለት ሞክሼዎች ሲገናኙ እሰማለሁ።

«ሞክሼ! አንተ ምን ቀለም ነህ?»

«አረንጓዴ ነኝ። አንተስ?»

«እኔ ቢጫ። እትዬ፣ ለምንድነው ቢጫ ያደረጋችሁኝ?»

የማይተዋወቁ ሰዎች ስማቸው አንድ በመሆኑ ብቻ እንዲህ ይቀላለዳሉ። ተቃቅፈው የሚስቁም ነበሩ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ እቀና ነበር። ሞክሼ ኖሮኝ አያውቅማ።

ስሜ የአየርላንድ ስም ነው። እናቴ እኔን ስትወልድ በገጠር ጤና ጣቢያ ሁለት ቀን አምጣለች። ያዋለደቻት ከአየርላንድ የመጣች ነርስ ነበረች። እናቴ ስትነግረኝ፣ ነርሷ ሁለቱን ቀን ከአጠገቧ አልተነሳችም፤ አማርኛ ስለማትችል እጇን ይዛ በራሷ ቋንቋ እየዘፈነችላት ነበር። ስወለድ እናቴ በምልክት ስሟን ጠየቀቻትና ለእኔ ሰጠችኝ። ካህኑ ያወጡልኝ የክርስትና ስም ሌላ አለኝ፤ እሱን ግን የሚጠራኝ የለም። እናቴ ሁልጊዜ የምትጠራኝ በነርሷ ስም ነበር። አዲስ አበባ መጥተን ፉሪ ቤት ከተከራየን በኋላ ግን ያ ስም መከራዬ ሆነ። መምህራን ስም ሲጠሩ እኔ ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ። ክፍሉ ቀድሞ ይስቃል። «የብስኩት ስም ነው?» ይሉኛል። እናቴ ታማ ትምህርት ሳቆም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከስም መጠራቱ በመገላገሌ ደስ ብሎኝ ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ በዚያ ስም የሚጠራኝ ጠፋ። እትዬ እንኳ ምላሴ አይገለብጠውም ብላ «አንቺ ልጅ» ነበር የምትለኝ።

ስሜን የጠየቁኝ አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ናቸው። ጋሼ እላቸው ነበር። በማተሚያ ቤት በአራሚነት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው። በየሳምንቱ ግራጫ ኮታቸውን ያመጣሉ። አንድ ቀን እትዬ ሳትኖር እኔ ወጥቼ ተቀበልኳቸው።

«ስምሽ ማን ነው ልጄ?»

በሹክሹክታ ነገርኳቸው። አልሳቁም፤ ድገሚልኝም አላሉኝም።

«የአየርላንድ ስም ነው» አሉ። «የውጭ ዜና ሳርም ስንት ጊዜ አግኝቼዋለሁ መሰለሽ። ብዙ ሞክሼ አለሽ እኮ!»

ልብስ ከመታጠቡ በፊት ኪስ መፈተሽ የኔ ሥራ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት በጋሼ ኮት የውስጥ ኪስ አንዲት የታጠፈች ወረቀት አገኘሁ። ከላይ ስሜ አለ። ከስሩ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «ይህቺኛዋ ሞክሼሽ ዳኛ ነበረች» ይላል። ከታች ስማቸውን ጽፈው ፈርመውበታል። ወጥቼ ማመስገን አፈርኩ። ስለዚህ ኮቱን ተኩሼ ስጨርስ ከጽሑፋቸው ስር «አነበብኩት» ብዬ ጻፍኩና ወረቀቷን ወደ ኪሱ መለስኳት።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አንዲት ሞክሼ ትመጣልኝ ጀመር። ጋሼ ከድሮ ጋዜጦቻቸውና ከሬዲዮ ነበር የሚፈልጓቸው። አንዷ ደራሲ፣ አንዷ ረዥም ርቀት ሯጭ፣ አንዷ ኮከብ ስትቆጥር ያረጀች አስተማሪ። ጨርቅ ስተኩስ አስባቸው ነበር። ዳኛዋም በልጅነቷ ስም ሲጠራ ትደነግጥ ይሆን? ሯጯን በአደባባይ ሲጠሯት አንገቷን ትደፋ ይሆን? ጋሼን ግን ፊት ለፊት አንድም ቀን ስለእነሱ አናግሬያቸው አላውቅም። እሳቸውም አልጠየቁኝም።

ይህን ሁሉ እያነበብኩም ስሜን ለመቀየር ቆርጬ ነበር። የልደት ሰርተፍኬት ስላልነበረኝ ወረዳ ሄጄ መመዝገብ ነበረብኝ። ጸሐፊዋ ቅጹን ስትሰጠኝ «አንዴ ከተመዘገበ በኋላ መቀየር ፍርድ ቤት ነው፣ አስበሽ ሙዪ» አለችኝ። የክርስትና ስሜን ልሞላ ወሰንኩ። ለማንም ሳልናገር ቅጹን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። የስሙ ቦታ ብቻ ገና ባዶ ነበር።

በዚያው ሳምንት አንድ ስህተት ሠራሁ። ጋሼ አንድ ሞክሼ ነበራቸው፤ ከፉሪ የሚጭን የሚኒባስ ሾፌር። ወፍራም፣ ድምፁ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሰው። ጋሼን ባየ ቁጥር «ሞክሼ! ይግቡ፣ ጋቢናው የእርስዎ ነው!» እያለ ከፊት ያስቀምጣቸዋል። የእሱም ኮት ግራጫ ነበር። ጋሼ ሰማያዊ ክር ናቸው፣ እሱ ቀይ። ያን ቀን ቀይ ክር አለቀብኝ። ኋላ አስገባለሁ ብዬ ረሳሁት። ሰማያዊውንም ሳላደርግ ሁለቱን ኮት በላስቲክ ሸፍኜ አንድ ላይ ሰቀልኩ። የሾፌሩ ሚስት መጥታ ስሙን ስትናገር እትዬ እጇ ያገኘውን አውርዳ ሰጠቻት።

በማግስቱ ጠዋት ሚስቲቱ ተመልሳ መጣች። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ መውለጃዋ ደርሶ ነበር። በአንድ እጇ ኮቱን፣ በሌላው የጋሼን ወረቀት ይዛለች። ባሏ ከኋላዋ ይለምናታል።

«ሀና ማርያም ትመስክርብኝ፣ ሴትዮዋን አላውቃትም! ምን ላድርግልሽ?»

«ዝም በል! እትዬ፣ ይቺ ሴትዮ ማን ናት? ደንበኛችሁ ናት?»

ስሜን ከነስህተቱ አነበበችው። ከዚያ ቀጠለች። «‹ትናንት ከሞክሼሽ ጋር አመሸሁ። ድምጿ እንደ አንቺ ዝቅ ያለ ነው› ይላል። ከታች የተፈረመው ስም የእሱ ነው! ከስሩ ደግሞ ‹አነበብኩት› ብላ መልሳለታለች!»

እትዬ ስሜን ከረሳችው ቆይታለች፤ ግራ ገባት። «ሞክሼሽ ማለት ...»

«ሁለት ናቸው ማለት ነዋ! እሷና ሞክሼዋ!»

«እኔ አንዷንም ማስተዳደር አቅቶኛል» አለ ባልየው።

«ትቀልዳለህ? ደሞ የሴትዮዋ ስም! የሰው ስም እንኳ አይመስልም።»

ካውያው በእጄ እንዳለ ቀረ። ወረቀቷ ጋሼ በሬዲዮ ስለሰሟት ዘፋኝ የጻፏት ነበረች። ዝም ብል ሰውየው ሳያጠፋ ሊጠፋ ነው። ብናገር ደግሞ ያ ስም የኔ መሆኑን ሰው ሁሉ ሊሰማ ነው፤ ሁለት ደንበኞችም በር ላይ ቆመው ይሰማሉ። እትዬ በዚያ ስም የሚጠራ ደንበኛ የለንም ብላ ልትምል ስትል ካውያውን አስቀምጬ መጋረጃውን ገለጥኩ።

«ስሙ የኔ ነው» አልኩ።

ሴትየዋ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ላብ አጥምቆኝ፣ ሽርጥ ለብሼ ነበር።

«አንቺ?»

«የኔ ነው። ኮቱ ግን የባለቤትሽ አይደለም። እኔ ነኝ ያቀያየርኩት። እጃቸውን ያስገቡበት።»

ሾፌሩ ኮቱን ነጥቆ መልበስ ጀመረ። አንድ እጁ ክርኑ ላይ ሲደርስ አልገባም አለ። «አየሽ? አየሽ?» እያለ እጁ እንደተያዘ ዞረ። በዚያው ቅጽበት ጋሼ በር ላይ ብቅ አሉ። የሾፌሩን ኮት ለብሰዋል፤ እጅጌው ጣታቸውን ውጦታል።

«ሞክሼ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሌሊቱን የከሳሁ መስሎኝ ደንግጬ ነበር።»

መጀመሪያ የሳቀችው ሚስቲቱ ናት። ሆዷን ደግፋ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እትዬ ወንበር ሰጠቻት። ከዚያ «ይቅር በይኝ እህቴ፣ የሰው ስም አይመስልም ያልኩት ተናድጄ ነው» አለችኝና ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀችኝ። ስለነርሷ ነገርኳት። ሁለት ቀን አጠገቧ መቀመጧን፣ መዝፈኗን ነገርኳት። ያን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ተናግሬ አላውቅም ነበር። ሴትየዋ መሳቋን ትታ ሆዷን እያሻሸች ትሰማኝ ነበር።

«እኔም ፈርቻለሁ» አለች በመጨረሻ። «ሁለት ቀን አልሽኝ?»

ባልና ሚስቱ ሲሄዱ ጋሼ ቀረት አሉ። ስሙን ልቀይረው እንደሆነ ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።

«ስሙ የራስሽ ነው፣ የፈለግሽውን አድርጊ» አሉኝ። «እኔ ወረቀቶቹን የጻፍኩት ብቻሽን እንዳትሆኚ ነው እንጂ ...» ብለው ሳይጨርሱት ሄዱ።

ቅጹን ሳልሞላ አስር ቀን አለፈ። አንድ ጠዋት ደጃችን ላይ ጥሩምባ ጮኸ። ሾፌሩ ነው። ገብቶ ግን እንደ ወትሮው አልጮኸም፤ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

«ሴት ናት» አለ። «ሚስቴ ናት የላከችኝ። ስምሽን እንድትሰጪን።»

«ይስቁባታል» አልኩት።

«የሳቀባትን ታክሲ አላሳፍረውም! ከፉሪ በእግሩ ይመላለሳል።»

እትዬ ሳቀች። እኔ ግን ወደ መጋረጃው ኋላ ሄድኩና ፊቴን በአንድ ሰው አንሶላ ሸፍኜ አለቀስኩ። ስመለስ «እሺ» ብዬ ራሴን ነቀነቅኩለት። ከሰዓት በኋላ ወረዳ ሄድኩ። ባዶውን ቦታ እናቴ የሰጠችኝን ስም ሞላሁበት። ጸሐፊዋ «ትክክል ነው? አጻጻፉ እንደዚህ ነው?» አለችኝ። «አዎ» ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ ከኋላዬ ወረፋ የያዙት ሁሉ ሰሙ። ልጅቷ በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ እኔም ሄድኩ። ካህኑ እንደ እኔው ሌላ ስም አወጡላት። ቤት ስንገባ ግን ሁሉም የሚጠሩኝ በመሰለኝ ቁጥር የሚጠሩት እሷን ነበር።

አሁን ላውንደሪዋ የለችም። መንገዱ ሲሰፋ ያ መስመር በሙሉ ፈረሰ። እትዬ ማሽኖቿን ሸጠች፤ እኔ ነፋስ ስልክ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ገባሁ። የጋሼም ቤት ፈረሰና ልጃቸው ወደ ከተማው ወዲያኛው ጫፍ ወሰደቻቸው። ዕቃቸው በተጫነበት ጠዋት ልሰናበታቸው ሄድኩ። ግራጫውን ኮት ለብሰው በጭነት መኪናው ጋቢና ተቀምጠው ነበር። ስለ ወረቀቶቹ ላመሰግናቸው መንገዱን ሙሉ ቃል ሳሰናዳ ነበር የሄድኩት፤ ስደርስ ግን እጃቸውን ብቻ ያዝኩ። መኪናው ሲነሳ ራሳቸውን በመስኮቱ አውጥተው እንዲህ አሉኝ፦

«ሞክሼሽን ሳሚልኝ።»