የአባቴን ሞተር ያቃጠልኩት እኔ አይደለሁም

ባለፈው እሁድ የእህቴ ልጅ ወልዳ አራስ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ቤቷ እዚሁ ቡታጅራ፣ ከእኔ ቤት በባጃጅ ብዙም የማይርቅ ነው። ሳሎኑ በጠያቂ ተሞልቷል። እንደ ደንቡ የቡላ ገንፎ ቀረበ፤ መሀሉ ጎድጎድ ተደርጎ ቅቤ ተሞልቶበት፣ ዙሪያው ሚጥሚጣ ተነስንሶበት። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ እንደ ልማዴ "ይቅርብኝ" አልኩ። ጉራጌ ሆኖ የቡላ ገንፎ አልበላም ማለት ቀላል ነገር አይደለም። አንዷ ጎረቤት ጨጓራ ይዞኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ሌላዋ ስለት እንዳለብኝ ገመተች። ጨጓራዬ ድንጋይ ይፈጫል፤ ስለትም የለብኝም። ቡላ የማልበላው ተናድጄ ነው፤ ንዴቱ ደግሞ ሃያ ዓመት አልፎታል።

ጥግ ላይ ጋሼ ዘነበ ከዘራውን በጉልበቶቹ መሀል አቁሞ ተቀምጧል። የታላቅ እህቴ የብርቄ ባል፣ የአራሷ አባት ነው። "ተዉአት" አለ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ታደሉ ከልጅነቷም አስቸጋሪ ናት። የአባቷን ሞተር አቃጥላ፣ ወልቂጤ አስመጥቼ ያሠራሁት እኔ ነኝ።" ቤቱ ሳቀ። እኔም ለወጉ ጥርሴን አሳየሁ፤ ደሜ ግን ፈላ። ውሸት ዕድሜ ካገኘ ባለቤቱን ራሱን ያሳምነዋል። ጋሼ ዘነበ ያን ሲናገር ፊቱ ላይ ቅንጣት ሐፍረት አልነበረም፤ እውነት የሚናገር መስሎታል።

አባቴ የበርበሬ ነጋዴ ነበር። የማረቆን በርበሬ ከገበሬው እየገዛ ቡኢና ወልቂጤ ላሉ ደንበኞቹ ያደርስ ነበር፤ ለዚህም አንዲት ሰማያዊ አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው። ዓይኑን ሞራ እየጋረደው ሲመጣ መሪውን ለጋሼ ዘነበ ለቀቀለት። ጋሼ ዘነበ ከእህቴ ጋር ወልቂጤ ነበር የሚኖረው፤ መኪናዋንም እንደ ራሱ ንብረት ያያት ጀመር። ለቅሶ በእሷ፣ ሰርግ በእሷ፣ የጓደኛ ዕቃ ማጓጓዝ በእሷ። እኔ ያን ጊዜ ሃያዎቹን የጀመርኩ ወጣት ነበርኩ። ማንም ሳያምንብኝ፣ እናቴ እንኳ "ለጨዋታ ነው" እያለች፣ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። አባቴ ግን አልሳቀም። በመስቀል ማግስት፣ ቤተሰቡ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ቁልፉን ከጋሼ ዘነበ ተቀብሎ መዳፌ ላይ አኖረው። "ቤቴ ውስጥ ሾፌር እያለ የሰው ልጅ ለምን አስቸግራለሁ?" አለ። በሕይወቴ ብዙ ምስጋና ተቀብያለሁ፤ ያን የሚያህል ግን የለም።

የበርበሬ ወቅት ሲደርስ ቡታጅራ ዙሪያው ቀይ ይሆናል። በየግቢው ሰሌን ላይ የተሰጣው በርበሬ ፀሐይ ሲያገኘው ሽታው መንገድ ድረስ ይወጣል፤ ጆንያ የሚጭኑት ሰዎች ሲያስነጥሱ ይውላሉ። መኪናዋ መጋል የጀመረችው በዚያ ሰሞን ነው። መጀመሪያ የሆነው ወደ ቡኢ ስሄድ ነበር። የሙቀት መለኪያዋ ቀስት ሽቅብ ወጥታ ቀዩን መስመር ነካች፤ ወዲያው ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተነሣ። ዳር ይዤ አቆምኩ። ከየት እንደመጡ የማላውቃቸው ወንዶች ከበቡኝ። ሞተሩን ያየ አልነበረም፤ ሁሉም የሚያየው እኔን ነበር። አንዱ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ "ውሃ አይተሻል?" አለኝ።

ያን ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ያልጠየቀኝ የለም። አይቻለሁ! በየጠዋቱ ከመነሣቴ በፊት እያየሁ፣ እየሞላሁ ነበር የምወጣው። አንዱ ቴርሞስታቱን አውጥተሽ ጣይው ይላል፤ ሌላው የራዲያተሩ ክዳን ደክሟል ይላል፤ ሦስተኛው ፍሪሲዮን ላይ እግርሽን ታሳርፊያለሽ ይላል፣ ስነዳ አንድ ቀን ሳያየኝ። እኔ የማየው ሌላ ነው። ማታ ያቆምኩበት መሬት ጠዋት ደረቅ ነው፤ ስለዚህ ቆማ አታፈስም። የፋኑ ቺንጋ አልላላም። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዤ ሳየው ዘይቱ ንጹህ ነው። ጭስ ማውጫዋም ነጭ ጭስ አይተፋም። ሜዳ ላይ ደህና ናት፤ ጭነት ይዛ ዳገት ስትጀምር ግን ትፈላለች፣ ውሃውንም በማስተንፈሻው ቱቦ ትተፋዋለች። ለምን እንደሆነ ግን ሊገባኝ አልቻለም።

አባቴ አንድ መካኒክ ጠራ። መካኒኩ የራዲያተሩን ክዳን ከፈተና ከሥሩ የተለጠፈውን ነጭ ነገር በጣቱ ጠርጎ አሳየን። "ዘይትና ውሃ ተቀላቅሏል፤ ቴስታታው ሄዷል" አለ። ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው፤ ሞተር ያለ ውሃ ሲነዳ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው። ከዚያም እኔ አጠገቡ ቆሜ፣ ለአባቴ ብቻ፣ ውሃ ሳይታይ ተነድቶ ነው ብሎ ነገረው። ዘይቱ ንጹህ መሆኑን እንዲያይ ዘንጉን አውጥቼ ፊቱ ያዝኩለት። ዘንጉንም እኔንም ሳያይ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ሄደ።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። የኅዳር ሚካኤል ማኅበር ያን ዓመት እኛ ቤት ነበር፤ ጋሼ ዘነበም ከወልቂጤ መጥቷል። ማኅበርተኛው በልቶ ጨዋታ ሲጀመር፣ እኔ ጠላ እየቀዳሁ ባለሁበት፣ ጋሼ ዘነበ ጉሮሮውን ጠረገ። "ሞተር እንደ በቅሎ ነው፤ የሚይዘውን እጅ ያውቃል" አለ። "እኔ ጋ በነበረች ጊዜ አንድ ቀን ፈልታ ታውቃለች?" ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሴቶቹም ነቀነቁ፤ የባሰ ያንገበገበኝ ይኼ ነው። አባቴም ቅዳሜ መኪናዋን ወልቂጤ አድርሼ ቁልፉን ለዘነበ እንዳስረክብ ነገረኝ። ጋሼ ዘነበ ዕለቱን ራሱ ይዟት ሊሄድ ይችል ነበር። በአውቶቡስ ተመለሰ። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም።

ቅዳሜ በጠዋት ውሃ በጀሪካን ጭኜ ከአባቴ ጋር ተነሣን። ከቡታጅራ በተራራው በኩል ወደ ወልቂጤ የሚያሻግረው መንገድ ያን ጊዜ ጠጠር ነበር። ከፍ እያልን ስንሄድ በርበሬውና በቆሎው ወደ ኋላ ቀርቶ እንሰቱና ገብሱ ይመጣል፤ ብርዱ በመስኮቱ ክፍተት ገብቶ ጣት ያቆረፍዳል። አባቴ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ቁልፍ ካስረከብኩ ሁለተኛ መሪ እንደማልጨብጥ አውቅ ነበር፤ የእኔ ብቻ ሳይሆን ከእኔ በኋላ መንጃ ፈቃድ የሚያምራት ሴት ሁሉ ስም አብሮ እንደሚሄድም ይሰማኝ ነበር። ዳገቱ መሀል ላይ ፈላች።

እንሰት የከበበው አንድ ጎጆ አጠገብ አቆምኩ። የቤቱ እመቤት ወጥታ ማን እንደሆንን እንኳ ሳትጠይቅ ትኩስ ቅቅል ድንች ከዳጣ ጋር አቀረበችልን። አባቴ ድንቹን እየላጠ ሲበላ እኔ ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅኩ። ግለቱ ሲቀንስ እጄን ራዲያተሩ ላይ አኖርኩ። ላዩ ገና ያቃጥላል። ወደ ታች ወረድኩ፤ ታቹ ቀዝቃዛ ነው። ትኩሱ ውሃ ከላይ ይገባል እንጂ ወደ ታች አይወርድም ማለት ነው፤ መሀል ላይ አንድ ነገር ዘግቶታል። ክዳኑን በጨርቅ ይዤ ከፈትኩ። ያ ነጭ ነገር አለ። በአውራ ጣቴ ዛቅሁት። ዘይት ያለበት ነገር ያሙለጨልጫል፤ ይህ ግን ይጣበቃል። ነፋስ ሲያገኘው ጣቴ ላይ ደርቆ ቆዳዬን ሳበው። አሸተትኩት። ዝገት ዝገት ይላል፤ ከዝገቱ ሥር ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሽታ አለ።

"አባዬ፣ እስቲ ይህን ንካው" አልኩት።

ዓይኑ አያይለትም። በሁለት ጣቶቹ መሀል አሸት አሸት አደረገው። የያዘውን ድንች አስቀመጠ።

"ቡላ ነው" አለ።

ሾፌር ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ ነው። ራዲያተር መንገድ ላይ ሲንጠባጠብ አንዱ እንቁላል ይሰብርበታል፣ ሌላው በርበሬ ይበትንበታል፤ በእኛ አገር ደግሞ ቡላ አለ። ከእንሰት የሚወጣው ያ ነጭ ዱቄት ሙቅ ውሃ ሲያገኝ ይወፍርና ቀዳዳውን ይይዛል። ቤት ያደርሳል። በማግስቱ ግን መታጠብ፣ ቀዳዳውም መበየድ አለበት። ሳይታጠብ፣ በላይ በላዩ እየተጨመረበት ከተነዳ ቀዳዳውን ብቻ ሳይሆን ራዲያተሩን በሙሉ ይደፍነዋል። እኔ በየጠዋቱ ውሃ ሞላሁ ስል ለካ ገንፎ እያቀጠንኩ ኖሯል።

ወልቂጤ ስንገባ ወደ እህቴ ቤት አልሄድኩም። የከተማው መግቢያ ላይ ሸምሱ የሚባል መካኒክ ጋራዥ ነበረው፤ እዚያ አቆምኩ። አባቴም አልከለከለኝም። ሸምሱ የታችኛውን ቱቦ ፈታ። ውሃው ይዘረገፋል ብለን ስንጠብቅ ጠብ አላለም። ሽቦ ከትቶ ቆስቆስ ሲያደርገው ግራጫ ገንፎ እየተንሸራተተ ወጥቶ ሳፋው ላይ ዘጭ አለ።

"ወላሂ፣ ቅቤ ብቻ ነው የጎደለው" አለ ሸምሱ።

የፊቱን ፍርግርግ ሲያነሣ ደግሞ ራዲያተሩ አንድ ቦታ ላይ ወደ ውስጥ ተጎድጉዶ፣ የደረቀ ቡላ እንደ ልስን ተለጥፎበት አገኘው። እኔ በእሷ ምንም ነገር ገጭቼ አላውቅም። ጋሼ ዘነበ መድረሳችንን ሰምቶ የመጣው ይኼኔ ነው። ሳፋውን አየ፣ አባቴን አየ፤ ወደ እኔ ዞር አላለም። ትንሽ ስትንጠባጠብ እፍኝ ጣል አድርጌባት ነበር፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው አለ። አባቴ ምን እንደመታት ጠየቀው። ከመስቀል በፊት፣ ሳያስፈቅድ፣ የጓደኛውን ግንድ ሊጭን ጫካ ገብቶ ከጉቶ ጋር እንደተጋጨ ቀስ በቀስ ወጣ። ከማኅበሩ በአውቶቡስ የተመለሰውም እሱ እጅ ላይ እንዳትፈላ ፈርቶ ኖሯል።

ቡላውን ይቅር እለዋለሁ። የአማት ንብረት ነው፤ ሰው ነውና ፈራ። ይቅር የማልለው ያን ማኅበር ነው። ራዲያተሩ ውስጥ ምን እንዳለ እያወቀ፣ በጠላ ማንቆርቆሪያዬ አጠገብ ተቀምጦ፣ በቅሎና እጅ እያለ የተፈላሰፈውን።

"ማኅበርተኛው ይህን መስማት አለበት" አልኩ።

አባቴ ጣቶቹን በጨርቅ እየጠረገ ቆየ። "ይህ ነገር እዚሁ ይቅር" አለ። "ባሏ በሰው ፊት ሲዋረድ እህትሽ ምን ትሆናለች?"

"እኔስ በሰው ፊት ምን ሆንኩ?"

ቁልፉን ዘረጋሁለት፤ መዳፌን መልሶ አጠፈና "ያዢው" አለ ብቻ።

ለእህቴ ስል በሆዴ ያዝኩት። ራዲያተሩ ታጥቦ ተበየደ፤ መኪናዋንም ለዓመታት ነዳኋት፣ አንድ ቀን አልፈላችም። ቡታጅራ የደረሰው ወሬ ግን ሌላ ነበር፤ ታደሉ ያቃጠለችውን ሞተር ዘነበ ወልቂጤ አስመጥቶ አሠራው። ክሱ በማኅበር ፊት ተነገረ፣ ነጻ መውጣቴ ግን ጋራዥ ጓሮ ቀረ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። ዳዋ እንኳ ጆሮ የለውም፤ እኔ ገበያ በወጣሁ ቁጥር "ውሃ አይተሻል?" እያሉ ሲሳሳቁ እሰማ ነበር። አባቴ አለፈ። ከማኅበርተኞቹም ብዙዎቹ ያን ወሬ እንዳመኑ አለፉ። ዝምታ ወርቅ ነው የሚለውን ተረት ስሰማ፣ ወርቁን ያጌጠበት ማን ነው ማለት ያምረኛል።

ባለፈው እሁድ፣ ከአራሷ ቤት ስንወጣ፣ እህቴንና ጋሼ ዘነበን በመኪናዬ ወደ ወልቂጤ የማደርሳቸው እኔ ነበርኩ። እሱ ጉልበቱን ስለሚያመው መንዳት ካቆመ ቆይቷል። እሱ ጋቢና፣ እህቴ ከኋላ ተቀመጡ። ያው የድሮው ዳገት ላይ ስንደርስ አንገቱን አስግጎ የሙቀት መለኪያዬን አየ።

"ታደሉ፣ ውሃ አይተሻል?" አለኝ።

"አይቻለሁ ጋሼ" አልኩት። "ውሃ ብቻ ነው ያለው።"

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከኋላ ግን የታፈነ ሳቅ ሰማሁ። በመስታወቱ ሳይ እህቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትንፈቀፈቃለች።

"ያ ቡላ እኮ የእኔ ነበር" አለች፣ መናገር ሲሆንላት። "ለመስቀል ያስቀመጥኩትን ጠራርጎ ወስዶ አይጥ በላው አለኝ። ዱቄቱን ከሱሪው ላይ እንኳ አላራገፈም።"

መሪውን ጨብጬ ቀረሁ። ለእሷ ስል ስሜን ገበያ ላይ ጥዬ ስኖር እሷ ከመጀመሪያው ቀን ታውቅ ኖሯል።

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አልሽ?" አልኳት።

"አንቺ ዝም ስላልሽ" አለች።

ቀስቷ መሀል ላይ እንደቆመች ዳገቱን ጨረስን። እኔ ግን እስካሁን አልበረደልኝም፤ በማን መናደድ እንዳለብኝም አላውቅም። አባቴ ለእህቴ ብሎ፣ እኔ ለአባቴና ለእህቴ ብዬ፣ እህቴ እኔን አይታ፣ ሁላችንም አንዱን ሰው ስንሸፍን ኖረናል። የተወለደው ወንድ ነው፤ አርባ ቀኑ ሲሞላ ክርስትና ይነሣል፣ ያ ሁሉ ሰው ተመልሶ ይመጣል። ለዚያ ቀን የቡላ ገንፎ እንዲገነፋ አዝዣለሁ፤ ቡላውን እህቴ ናት የምታመጣው። እበላለሁ። ከመጉረሴ በፊት ግን እናገራለሁ።