ጋሼን ማሸነፍ ነውር ነው

የቼዝ ክለባችን ግድግዳ ላይ የጋሼ ፎቶ ተሰቅሏል። ከሥሩ «አባታችን» የሚል ጽሑፍ አለበት። ወሎ ሰፈር፣ ከአንድ ጋራዥ በላይ ባለችው ጠባብ ክፍላችን ቅዳሜ ከሰዓት ስገባ ለዚያ ግድግዳ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የምቀመጠው። ፎቶውን የሰቀሉትን ሰዎች ሳይ ደሜ ይፈላል። ሰውየውን በአክብሮት ገደሏቸው፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ጋሼ ጡረታ የወጡ ካርታ ሠሪ ነበሩ። ከልጃቸው ጋር አያት ሰፈር ነበር የሚኖሩት። ታክሲ እየቀያየሩ ይመጣሉ፣ ኮታቸውን ወንበሩ ላይ ያንጠለጥላሉ፣ ከዚያ በኋላ ዘመድ የላቸውም። በተለይ በአንድ ነገር ምሕረት አያውቁም፦ የነኩትን ጠጠር መጫወት ግዴታ ነው። «ተሳስቼ እኮ ነው ጋሼ» ቢሏቸው መልሳቸው ያው ነው፤ «ነክተኸዋል፣ ተጫወተው።» አንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ በዚህ ተናዶ ለረጅም ጊዜ ቀርቶ ነበር። ተመልሶ የመጣ ዕለትም ያንኑ አሉት። እኔ መጀመሪያ ክለቡን የረገጥኩ ቀን ሌሎቹ ሁሉ ሴት ናት ብለው ሲለሳለሱልኝ፣ እሳቸው ብቻ እንደ ሰው ቆጥረው ድራሼን አጠፉት። የወደድኳቸው ያን ቀን ነው።

በኋላ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፈረሱን ሊያነሱ የላኩት እጅ አጠገቡ የቆመውን ወታደር ይነካል። ማንም ምንም ሳይላቸው «ነካሁት» ይሉና ያልፈለጉትን ወታደር ይገፋሉ። በዚህ የተነሳ ብዙ ጊዜ ተሸነፉ። ተናደው፣ ራሳቸውን ተሳድበው፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ይመጣሉ። መሸነፍ ከቼዝ አላስቀራቸውም።

ሲሸነፉ ማየት ያልቻሉት ሌሎቹ ናቸው። አንድ ቅዳሜ ጋሼ ከመድረሳቸው በፊት ሰብሳቢያችን ሁላችንንም ጠራና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ጋሼን ማሸነፍ ነውር ነው። ትልቅ ሰው ናቸው፣ እስቲ ደስ ይበላቸው» አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ።

«የሚመጡት እኮ ሊጫወቱ ነው» አልኩ።

«አንቺ ደግሞ! ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረብሽም?» አለኝ ሥራ አስኪያጁ።

ከዚያ ወዲህ ያየሁትን ቲያትር አልረሳውም። ትልልቅ ሰዎች ንግሥታቸውን የጋሼ ጠጠር አፍ ላይ አስቀምጠው ጣራ ጣራ ያያሉ። ጋሼ ሲበሉባቸው ጭንቅላታቸውን ይይዛሉ። መጀመሪያ ሰሞን ደስ ብሏቸው ነበር፤ ሻይ ሁሉ ጋብዘውናል። አንድ ቀን ግን ከሰብሳቢው ጋር ሲጫወቱ ያለ ጠባቂ የቆመችውን ንግሥት ትኩር ብለው አዩዋት።

«ይቺን አላየሃትም?»

«አላየኋትም ጋሼ። እርስዎን ማን ይችላል!»

አልበሏትም። ቀና ብለው ክፍሉን ቃኙ። ሁሉም የየራሱ ሰሌዳ ላይ አቀርቅሯል። ተነሱና ኮታቸውን ለበሱ፤ እጃቸው እጅጌው ውስጥ አልገባ ብሎ አስቸገራቸው። «ገና ሳልሞት ለቅሶ ተቀመጣችሁልኝ?» ብለው ወጡ።

ሲቀሩ ሰብሳቢው «ዕድሜ ነው፣ ሆደ ባሻ ሆነዋል» አለ። ይቅርታ ሊጠይቅ የሄደ ሰው የለም።

እኔ ሰሌዳዬን ይዤ አያት ሄድኩ። በር ላይ እንዳዩኝ፣ ገና ሳልቀመጥ «ልታዝኚልኝ ከሆነ የመጣሽው ተመለሽ» አሉኝ። «መች አዝኜልዎት አውቃለሁ ጋሼ?» አልኩና በረንዳው ላይ አሸነፍኳቸው። በሌላውም ቅዳሜ፣ በሌላውም እንዲሁ። «ጨካኝ!» ይሉኛል እየሳቁ። ልጃቸው ከሳሎን ብቅ ብላ «እንዲህ ሲስቁ ከሰማሁ ቆየሁ» አለችኝ።

አንድ ቅዳሜ እጃቸው ረጋ ብሎ ዋለ። እኔ በግራ በኩል አጠቃሁ ብዬ ስንጠራራ ፈረሳቸው ንጉሤንና ንግሥቴን ባንዴ ያዘብኝ። ከየት እንደመጣ አላየሁትም። ንግሥቴ ሄደች፣ ቀስ እያሉ ንጉሤን ጥግ አስያዙት። ብል ብሠራ መውጫ የለም። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

«ጋሼ፣ ጨረሱኝ!»

ፊታቸው ጠቆረ። «አንቺም ጀመርሽ?»

«እናቴ ትሙት ጋሼ! አላየሁትም!» ጠጠሮቹን ወደ ኋላ መልሼ የተሳሳትኩበትን ቦታ አሳየኋቸው፣ ለመንኳቸው። ባብራራሁ ቁጥር የባሰ የማስመስል መሰልኩ። እስክጨርስ ጠብቀው «እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ፤ ለልመና እንደመጣ ሰው ተለሳልሰው። ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ሳጥኑ ውስጥ ከተቱ፣ ሳጥኑን እጄ ላይ አኖሩ፣ «ከእንግዲህ ይሄን ሁሉ መንገድ አትድከሚ» አሉ።

ብሄድም ሰሌዳ እንዳልዘረጋ ከለከሉኝ። ያን ቀን የተጫወቱትን የመሰለ ጨዋታ በሕይወቴ ማንም ተጫውቶብኝ አያውቅም። እውነተኛ ድል መሆኑን ሳያምኑ ሞቱ።